የ1986ቱን ባትማን ከካሴት አውጥቶ መጫወት፦ ከአሮጌው ቴፕ እስከ ሮቢን

ባትማን በኮሚክስ መጽሔት ላይ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ፈጣሪዎቹ ቦብ ኬን እና ቢል ፊንገር ናቸው። የኮምፒውተር ጌም የሆነው ግን ከ47 ዓመት በኋላ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1986። ፕሮግራሙን የጻፈው ጆን ሪትማን፣ ስዕሉን የሠራው በርኒ ድራመንድ፣ ያሳተመው ደግሞ የማንቸስተሩ ኦሽን ሶፍትዌር ነው። ኮምፒውተሩ በዚያን ጊዜ እንግሊዝ አገር ብዙ ቤት የገባው ትንሹ ጥቁር ዜድኤክስ ስፔክትረም ነበር።

የዛሬዎቹን ባትማኖች ለምዳችሁ ከሆነ ይሄኛው ያስቃችኋል። አጭር ነው፣ ቦርጫም ነው፣ ካባውን እየጎተተ ድብ ድብ ይላል። ቡጢ የለም፣ ጥይት የለም። ረዳቱ ሮቢን ተጠልፏል። ሮቢን ጋ የምታደርሰው መንሳፈፊያ፣ ባትክራፍት፣ በሰባት ቁራጭ ተበታትናለች። ቁራጮቹ ያሉት በባትማን ዋሻ ውስጥ፣ በ150 ክፍሎች መሃል ነው። እሱ ራሱ ደግሞ ጌሙ ሲጀምር ባዶ እጁን ነው፤ መዝለል እንኳ አይችልም።

መመሪያው ሁለት ሥራ አለው። መጀመሪያ ጌሙን ከካሴት አውጥተን ላፕቶፕ ላይ እናስነሳለን። ቀጥሎ እንጫወተዋለን። ችኩል ሰው በሁለቱም ይቸገራል፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ምን ያስፈልጋል?

ዋናው ካሴቱ ነው። እንግሊዝ ያላችሁ ይቀናችኋል፤ ጌሙ በብዛት የተሸጠው እዚያ ስለሆነ ቻሪቲ ሾፕ ውስጥም የእሁድ የካር ቡት ገበያ ላይም እነዚህ ካሴቶች አይጠፉም። ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ጌሙ ለሌሎች የዘመኑ ኮምፒውተሮች፣ ለአምስትራድ ሲፒሲ እና ለኤምኤስኤክስም ወጥቷል፤ የእነዚያ ካሴት ስፔክትረም ላይ አይነሳም። ለኮሞዶር 64 አልወጣም። የኮሞዶር የኦሽን ባትማን ካገኛችሁ የ1988ቱ ወይም የ1989ኙ ነው፤ እነሱ ሌላ ጌም ናቸው።

«ፋይሉ ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ የለ እንዴ፣ ምን አደከመን?» የሚል አይጠፋም። ሞልቷል። የጌሙ መብት ግን ባለቤት አለው፤ ዕድሜው ስላረጀ የማንም አልሆነም። የራሳችሁን ካሴት ለራሳችሁ ማውጣት የተሻለ መንገድ ነው፤ ደግሞም ደስታው ግማሹ እዚያ ነው። ለኢሙሌተሩ (ላፕቶፑን እንደ ስፔክትረም የሚያደርገው ፕሮግራም) የሚያስፈልገው የስፔክትረም ሮም፣ ማለትም ማሽኑ ውስጥ ተቀርጾ የሚመጣው ፕሮግራም፣ ግን ችግር የለበትም። የስፔክትረምን ሠሪ የሲንክሌርን የኮምፒውተር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 የገዛው አምስትራድ ሮሙ ከኢሙሌተሮች ጋር በነፃ እንዲሰራጭ ፈቅዷል።

ከካሴቱ ሌላ ይህን አዘጋጁ፦ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው የካሴት ማጫወቻ፣ ሁለቱም ጫፉ 3.5 ሚሊሜትር የሆነ የድምፅ ኬብል፣ ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም፣ ፊዩዝ የሚባለው ነፃ የስፔክትረም ኢሙሌተር። ላፕቶፓችሁ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው ርካሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ጨምሩ። ማጫወቻውን ለመግዛት አትቸኩሉ፤ አባቶቻችን የሙዚቃ ካሴት ያዳመጡበት ቴፕ ካልተበላሸ ይበቃል።

ካሴቱን ማሰናዳት

የጌሙ ካሴት ከሙዚቃ ካሴት የተለየ ነገር የለውም። ስለዚህ የድሮውን ዘዴ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ቢክ እስክሪፕቶ ጥርሱ ላይ አስገቡና የላላውን ክር አጥብቁ። ከዚያ እስከ መጨረሻው አሂዱት፣ መልሱት። ለብዙ ዓመት ሳይነካ የኖረ ክር እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ይህ ያላቅቀዋል።

አሁን ካሴቱን ገልብጡና ክሩ ወደሚታይበት ክፍት ጎን ተመልከቱ። መሃል ላይ ክሩን ከኋላ የምትገፋ ትንሽ ስፖንጅ አለች። ሙጫዋ ሲደርቅ ትወድቃለች። እሷ ከሌለች ክሩ ድምፁን የሚያነበውን የማጫወቻውን ክፍል፣ ሄዱን፣ በደንብ አይነካም፣ ድምፁም ይፈዛል። ከወደቀች ጥቅም የሌለው ካሴት ፈትታችሁ ከነመያዣዋ አዛውሩ፤ ወይም ክሩን ራሱን ወደ ጤነኛው ቀፎ ቀይሩት። የላይኛው ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለት ጥርሶች መሰበራቸውንም አረጋግጡ። ካልተሰበሩ፣ በስህተት የሪከርድ ቁልፍ የነካ ሰው ጌሙን ያጠፋዋል።

የማጫወቻውን ሄድ በጥጥና በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ድገሙት። ከሱ አጠገብ ያለችውን ላስቲክ ጎማም አትርሱ፤ እሷ ከቆሸሸች ክሩ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ከሁሉም ረቂቁ ነው። ካሴቱ ላይ ያለው ድምፅ ሁለት ዓይነት ሞገድ ነው፣ አጭርና ረጅም። በስፔክትረም መደበኛ አቀዳድ ዜሮ አጭሩ ነው፣ በሴኮንድ 2000 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ። አንድ ደግሞ እጥፍ ይረዝማል፣ 1000 ገደማ። ሄዱ በትንሹ ካዘመመ የሚጎዳው ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ ማለትም አጭሩ ሞገድ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ዜሮውን ከአንዱ መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ካሴቱ እየተጫወተ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ በጥቂቱ ግራና ቀኝ አዙሩ። በጆሮ ነው የሚሠራው። ድምፁ በጣም ስል ሆኖ ጆሮ የሚበሳበት ቦታ ላይ አቁሙ። ለሙዚቃ የሚያስጠላው ለዚህ ጥሩው ነው።

መቅዳት

ኬብሉን ከማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ ላይን ኢን (የድምፅ ማስገቢያ ቀዳዳ) አስገቡ። ማይክ ቀዳዳ ብቻ ካላችሁም ይሠራል፤ ድምፁን በደንብ ቀንሱ። ማጫወቻው ዶልቢ የሚል የሹክሹክታ መቀነሻ ቁልፍ ካለው አጥፉት። ባስ ማጉያም ካለው እንዲሁ። ኦዳሲቲ ላይ ሞኖ እና 44100 ኸርዝ ምረጡ።

መጀመሪያ ለሙከራ ሃያ ሴኮንድ ያህል ቅዱና አጉልታችሁ እዩት። መጀመሪያ ለጥቂት ሴኮንድ አንድ ወጥ የሆነ ጩኸት አለ፤ ማሽኑ መረጃ ሊመጣ መሆኑን የሚያውቅበት ነው። ሞገዱ እኩል እኩል ሆኖ መደርደር አለበት። ጫፉ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ጠፍጣፋ ከሆነ ድምፁ በዝቷል። ከመሃል መስመር ብዙም ካልራቀ ደግሞ አንሷል። ከሙሉው ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ሲደርስ ጥሩ ነው።

ከዚያ ካሴቱን ከመጀመሪያው አንስታችሁ ጎኑን በሙሉ ቅዱ። እየቀዳችሁ ሌላ ቪዲዮ አትክፈቱ፣ የቴሌግራም ድምፅም ዝጉ። ሲያልቅ በዌቭ ፎርማት አስቀምጡት። ኤምፒስሪ አታድርጉት። ኤምፒስሪ ጆሯችን የማይሰማውን እየቆረጠ ነው ፋይሉን የሚያሳንሰው፤ የስፔክትረም ጆሮ ግን የእኛ ዓይነት አይደለም።

ፊዩዝ ላይ ማስነሳት

ፊዩዝን ክፈቱ። ኤፍ 9 ተጫኑና 48 ኪሎባይቱን ስፔክትረም ምረጡ። ኪቦርዳችሁ በአማርኛ መጻፊያ ላይ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት፤ አለበለዚያ የምትጫኑት ፊደል ቦታው ላይደርስ ይችላል።

በኤፍ 7 የዌቭ ፋይላችሁን ክፈቱ። የፊዩዝ ቅጂያችሁ ዌቭ አላነብም ካለ ከፊዩዝ ጋር የሚመጡ ረዳት ፕሮግራሞች አሉ፤ ከነሱ አንዱ ድምፁን ወደ ቲዜድኤክስ ፋይል ይቀይርላችኋል። ቲዜድኤክስ የካሴቱን ምት በዝርዝር የሚይዝ የፋይል ዓይነት ነው።

አሁን ስፔክትረሙን «ካሴቱን አንብብ» እንበለው። ጄ ፊደልን አንዴ ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ሎድ የሚለው ትእዛዝ ሙሉ ቃሉ ይወጣል። አትደንግጡ፤ ይህ ማሽን ትእዛዞቹን ፊደል በፊደል አያስጽፍም። ቀጥሎ ኮንትሮልን ይዛችሁ ፒን ሁለት ጊዜ ተጫኑ፤ ሁለት የጥቅስ ምልክት ይመጣል። ኢንተር። ከዚያ ኤፍ 8 ስትጫኑ ቴፑ መሽከርከር ይጀምራል።

የስክሪኑ ዳር ሲዥጎረጎር ታያላችሁ። ቀይና ውሃ ሰማያዊ ወፍራም መስመሮች ሲሆኑ ማሽኑ ጩኸቱን አግኝቷል ማለት ነው። ሰማያዊና ቢጫ ቀጫጭን መስመሮች ሲሆኑ መረጃው እየገባ ነው። ቀለሙ የሌላ ዓይነት ሆኖ ካያችሁም አትረበሹ፤ አንዳንድ አሳታሚዎች የራሳቸውን የመጫኛ ዘዴ ይጠቀሙ ነበር። በመደበኛው ፍጥነት የማሽኑን ሜሞሪ ሙሉ ለመሙላት አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ይሄኔ ነው ቡና የሚቀዳው።

«አር ቴፕ ሎዲንግ ኤረር» የሚል ጽሑፍ ከታች ከወጣ አንዲት ቦታ ላይ ሞገዱ አልተነበበም። ሁሌ በዚያው ቦታ የሚያቆም ከሆነ ክሩ እዚያ ጋ ተጎድቷል፤ ሌላ ማጫወቻ ሞክሩ፣ ወይም የካሴቱን ሌላ ጎን። ብዙ አሳታሚዎች ጌሙን ሁለቱም ጎን ላይ ይቀዱት ነበር። ቦታው የሚቀያየር ከሆነ ግን ጥፋቱ የሄዱ ወይም የድምፁ መጠን ነው። ወደ ካቻቢቴው ተመለሱ።

ሲሳካ ወዲያውኑ ኤፍ 2 ተጭናችሁ ስናፕሾት፣ ማለትም ጌሙ ያለበትን ሁኔታ እንዳለ የሚይዝ ፋይል፣ አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ ጌሙ በአንድ ጠቅታ ይከፈታል።

ለምን ባለ አንድ ቀለም ሆነ?

መጀመሪያ የሚያየው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህን ነው። አንዱ ክፍል በጠቅላላ ቢጫ ነው፣ ቀጣዩ አረንጓዴ ነው፣ ባትማንም አብሮ ይቀየራል። ማሽኑ ቀለም አጥቶ አይደለም። ስክሪኑ 256 በ192 ነጥብ ነው። ቀለሙ ግን ለእያንዳንዱ ነጥብ አይሰጥም፤ 8 በ8 ለሆነች ካሬ ሁለት ቀለም ብቻ ይፈቀዳል። ሰማያዊ ባትማን በቢጫ ሳጥን ፊት ቢያልፍ ሳጥኑ ይሰማየዋል፣ እግሩ ይቢጫል። ይህ የስፔክትረም ታዋቂ ጣጣ ነው። ሪትማንና ድራመንድ በአንድ ክፍል አንድ ቀለም አድርገው ተገላገሉት። ለእኔ ከብዙዎቹ ዥንጉርጉር ጌሞች ይልቅ ይሄ ዓይን ያሳርፋል።

ሜሞሪውም ሌላ ጉድ ነው። የአንድ ስክሪን ምስል 6912 ባይት ይወስዳል። 150 ክፍሎችን በፎቶ መልክ ማስቀመጥ ቢታሰብ ከአንድ ሚሊዮን ባይት በላይ ነው። ማሽኑ ያለው 49152 ነው፣ ከዚያም ላይ ስክሪኑ ድርሻውን ይወስዳል። ስለዚህ ክፍሉ የተቀመጠው በዝርዝር ነው፦ እዚህ ጋ ሳጥን፣ እዚያ ጋ በር፣ ጥግ ላይ እሾህ። በሩን ስታልፉ ማሽኑ ዝርዝሩን አንብቦ ክፍሉን ከባዶ ይሠራዋል። ይህን ያነሳሁት ለጨዋታው ስለሚጠቅም ነው። ሳጥን ገፍታችሁ የማይወጣበት ጥግ ከቀረቀራችሁት ከክፍሉ ውጡና ተመለሱ። ወደ ቦታው ተመልሶ ታገኙታላችሁ።

ቁልፎቹን ማስተካከል

ጌሙ ቁልፍ መምረጥ ያስችላል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ክፍሉ የሚታየው ከጥግ በኩል፣ ከከፍታ ላይ ስለሆነ ባትማን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አይሄድም። የሚሄደው በሰያፍ ነው። የቀስት ቁልፎችን ከሰጣችሁት ጣታችሁ ከዓይናችሁ ጋር ሲጣላ ይውላል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎንና ከላይ ከታች የሆኑ አራት ፊደሎችን ውሰዱ፦ ኪው፣ ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስ። ኪው ወደ ላይ ግራ ጥግ፣ ደብሊው ወደ ላይ ቀኝ፣ ኤ ወደ ታች ግራ፣ ኤስ ወደ ታች ቀኝ። ስክሪኑ ላይ ያሉት አራት አቅጣጫዎች በጣታችሁ ሥር ተቀመጡ ማለት ነው። ስፔስን ለመዝለያ፣ ኤምን ለመያዣ ስጡ። ጆይስቲክ ያለው ሰው ፊዩዝ ላይ ኬምፕስተን የሚለውን ይምረጥ፤ ግን እዚህ ጌም ላይ ኪቦርድ ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን መጫወት

የመጀመሪያው ግብ ሮቢን አይደለም። ጫማ ነው። አራት ዕቃዎች አሉ፣ እነሱን ሳትይዙ ሌላ ነገር ማሰብ ከንቱ ነው። የባትማን ጫማ መዝለል ያስችላል። ቦርሳው ዕቃ አንስቶ መሸከም ያስችላል። ግፊት ሰጪው በአየር ላይ እያላችሁ አቅጣጫ ለመቀየር ነው። ቀበቶው ስትወድቁ ፍጥነታችሁን ይቀንሳል።

ጫማ እስክታገኙ ድረስ እግረኛ ናችሁ። መሬት መሬቱን የሚኬድባቸውን በሮች ብቻ ሞክሩ። በር ከፍ ብሎ ካያችሁ፣ ወይም መሃል ላይ ገደል ካለ፣ «በኋላ» ብላችሁ እለፉ። ይህ ጊዜ አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ርቀት መገመት የምትለማመዱት እዚህ ነው። ጥላ የለም። አንድ ሳጥን መሬት ላይ ይሁን አየር ላይ ተንሳፍፎ ይሁን በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። መላው ይህ ነው፦ ባትማንን ወደ ሳጥኑ ሥር አስኪዱት። ከኋላው ከተደበቀ ወይም ከገጨው ቦታውን አወቃችሁ። ግድግዳ ተደግፎ መሄድም ይረዳል፤ ቢያንስ አንዱ አቅጣጫ እርግጠኛ ይሆናል።

ጫማውን እንዳገኛችሁ ወዲያው ወደ አደገኛ ክፍል አትሩጡ። ምንም ጠላት የሌለበት ክፍል ውስጥ ቁሙና ከሳጥን ሳጥን ዝለሉ። የዝላዩ ርዝመት ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ስንት ካሬ እንደሚወስዳችሁ አንዴ ካወቃችሁ ከዚያ ወዲያ መገመት ቀርቶ መቁጠር ይሆናል።

ቦርሳው ሲገኝ ጌሙ ይከፈታል። ከፍ ያለ ነገር ላይ ለመድረስ ዕቃ ተሸክማችሁ ወስዳችሁ መረማመጃ ታደርጉታላችሁ። ከመሸከማችሁ በፊት ግን ያ ዕቃ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

የድራመንድ ፍጡሮች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የትኛው ኮሚክስ ላይ እንዳያቸው እንጃ። የባትማን ጠላቶች ይመጣሉ ብላችሁ ስትጠብቁ ምኑም ምኑም ያልለየ እንስሳ እየተንከወከወ ይመጣል። ሁሉም ሲነኩ ይገድላሉ። ብዙዎቹ የሚሄዱበት መስመር የተወሰነ ነው። በር ላይ ቆማችሁ ሁለት ሦስት ዙር እስኪሄዱ ተመልከቱ። ዙሩን ሳያጠና የገባ ሰው ነው ሕይወቱን የሚጨርሰው።

መንገድ ላይ እንክብሎች ታገኛላችሁ። አንዱ ተጨማሪ ሕይወት ይሰጣል፣ አንዱ ለጊዜው ከአደጋ ይከልላል፣ አንዱ ዝላይን ያሳድጋል፣ አንዱ ያፈጥናል። አንዱ ደግሞ ከሌሎቹ እንክብሎች ያገኛችሁትን ኃይል ሁሉ ይሽራል። ከአንድ አስቸጋሪ ክፍል በፊት ያለ እንክብል ለዚያ ክፍል የተቀመጠ ነው ብላችሁ አስቡ። ያገኛችሁትን ሁሉ ወዲያው መዋጥ ያስቆጫል።

ካርታው

ካርታ ሳይሠሩ ይህን ጌም መጨረስ አይታሰብም። ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር በቂ ነው። አንድ ክፍል በአንድ ካሬ ሳይሆን በአራት ካሬ አድርጉ፣ መጻፊያ ቦታ ታገኛላችሁ። ደብተሩን በሰያፍ አዙራችሁ አስቀምጡት፤ ያኔ የክፍሉ አራት በሮች ከካሬው አራት ጎኖች ጋር ይገጥማሉ። ወደ ላይ የሚያወጣና ወደ ታች የሚያወርድ ክፍል ስላለ ለእያንዳንዱ ፎቅ የተለየ ገጽ ያዙ።

ሦስት ነገር ጻፉ፦ የክፍሉን ቀለም፣ በሩ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ መሆኑን፣ ያላነሳችሁት ነገር ካለ ምን እንደሆነ። ቀለሙ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም፤ ሁለት የሚመሳሰሉ ክፍሎችን የሚለይላችሁ እሱ ነው። የሞታችሁበትን ክፍል በቀይ አክብቡ። ሰባቱን ቁራጮች ከገጹ ጎን ዘርዝሩና ስታገኙ ሰርዙ። ኢንተርኔት ላይ የተሠራ ካርታ ይገኛል፤ ሁለት ሳምንት የያዛችሁ ክፍል ካልሆነ በቀር አትክፈቱት።

የባትማን ድንጋይ እና ስናፕሾት

በዚያን ዘመን ሕይወት ሲያልቅ ጌሙ ከሀ ነበር የሚጀምረው። ይህ ጌም ግን ድንጋይ አስቀምጦላችኋል። ድንጋዩን ካነሳችሁ፣ ሕይወታችሁ ሁሉ ቢያልቅ እንኳ፣ ካነሳችሁበት ቦታ መቀጠል ትችላላችሁ። በጌም ታሪክ ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ከቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል። ሪትማንና ድራመንድ በዓመቱ ያወጡት ሄድ ኦቨር ሂልስም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው።

ድንጋይ ስታዩ ዘላችሁ አትያዙት። የያዛችሁበት ቅጽበት ነው የሚመዘገበው። አንድ ሕይወት ይዛችሁ ካነሳችሁት በአንድ ሕይወት ነው የምትቀጥሉት። አካባቢው ላይ የተጨማሪ ሕይወት እንክብል ካለ መጀመሪያ እሱን ልቀሙ፣ ቁራጭም በቅርብ ካለ አምጡ፣ ከዚያ ወደ ድንጋዩ ተመለሱ።

ፊዩዝ ላይ ደግሞ ኤፍ 2 በየደቂቃው ይጠራችኋል። በየዝላዩ ስናፕሾት የሚያነሳ ሰው ጌሙን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፣ ግን የድንጋዩ ነገር፣ የእንክብሉ ነገር፣ ሁሉም ትርጉም ያጣል። የእኔ ደንብ ይኸው፦ ስናፕሾት የማነሳው ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ብቻ ነው። ፋይሉንም በላዩ ላይ አስቀምጣለሁ እንጂ አዲስ አልፈጥርም። እናንተ ጀማሪ ከሆናችሁ ጫማውንና ቦርሳውን እስክታገኙ እንደልባችሁ ተጠቀሙ። ከቦርሳው በኋላ ግን ኤፍ 2ን ተዉትና ድንጋዩን ፈልጉ።